ጨው የበላት ብሎን

የፍሬን ዲስክ ሲቀየር መካኒክን የምታለፋው ብዙ ጊዜ ዲስኩን ከሞዞው ጋር ያሰረችው አንዲት ትንሽ ብሎን ናት። ውፍረቷ ስድስት ወይም ስምንት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ኃላፊነቷም ያን ያህል አይደለም፤ ጎማው እስኪታሰር ድረስ ዲስኩን በቦታው ትይዛለች። ከዚያ በኋላ ሸክሙን የሚችሉት የጎማ ብሎኖች ናቸው፤ በቮልስዋገን ጎልፍ እያንዳንዳቸው እስከ 120 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ትንሿ ግን በኦስሎ የብርድ ወራት አስፋልት ላይ የሚበተነውን ጨው ዓመት ከዓመት ስትጠጣ ቆይታ፣ ጎማው ሲወልቅ አልነቃነቅም ትላለች።

አዲስ አበባ ለሠለጠነ መካኒክ ይህ እንግዳ ፈተና ነው። እዚያ የሚበዙት ቶዮታዎች፣ ቪትዝም ሆነ ኮሮላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህቺ ብሎን የለቻቸውም። ይልቁንስ ዲስኩ ላይ ፊሌቶ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ዲስኩ ከተጣበቀ ሁለት ብሎን አስገብቶ እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው፣ ራሱን ገፍቶ ይወጣል። ያን ያሰበ መሐንዲስ ጋራዥ ውስጥ የዋለ ሰው መሆን አለበት።

ኦስሎ ውስጥ አልናብሩ በሚገኝ ጋራዥ ሲሠሩ ያየኋቸው ያገራችን ሰው ግን ከጨው ጋር ከተዋወቁ ቆይተዋል። ብሎኗን ሲያዩ ካቻቢቴ አያነሡም። በሹል ሽቦ ከራሷ ጉድጓድ ውስጥ ዝገቱን እየፈለፈሉ ያወጣሉ። የሚረዳቸው ልጅ ቸኩሎ፣ «ጋሼ፣ ትራፓኖውን ላምጣ?» አለ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ዓይኗን እንጥረግላት» አሉት። ጉድጓዱ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ዝገት ከቀረ መፍቻው እስከ ታች አይገባም፤ ካልገባ ደግሞ ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥገና ሳይሆን ማዳን ነው።

ቀጥለው የብሎኗን ራስ በመዶሻ ቀጥ አድርገው ሁለት ሦስቴ መቱት። ራሷ እንደ ቁና አፍ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠብ ነው፤ ዲስኩ ውስጥ ተቀርቅሮ የሚይዘውም እሱ ነው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ መቀርቀሩን ያብሰዋል፤ ምቱ ያንን ዝገት ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በመዶሻ ሲመቱት በጥቂቱ የሚዞረውን ወፍራም ካቻቢቴ አመጡ። ይህን መሣሪያ ከማናቸውም ኤሌክትሪክ መፍቻ አስበልጠዋለሁ፦ የሚያዞረው ምት ራሱ ጫፉን ወደ ውስጥ ይጫነዋል። በተለይ እንደ ሆንዳ ባሉት ላይ፣ ራሷ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን ስትገጥም፣ ልዩነቱ ይታያል፤ በእጅ ብቻ ሲጠመዘዝ ጫፉ ተንሸራቶ መውጣት ይወዳል። እሳቸው ሳይመቱ በፊት እጀታውን ወደ ግራ ወጠር አድርገው ይይዙታል፤ አንዲት ፀጉር የምታህል ክፍተት እንኳ እንዳትባክን።

አንደኛዋ ወጣች። የሁለተኛውን ዲስክ ብሎን ግን ቀድሞ ሌላ ሰው ራሷን አሟልጯታል። አሁን ትራፓኖ ተፈቀደ። መሐሏን በሹል ብረት ነቁጠው፣ ከብሎኗ አካል ትንሽ በወፈረ ፑንታ፣ በዝግታ ቦረቦሩ። ራሷ ተቆርጦ ፑንታው ላይ ተንጠለጠለ፤ ዲስኩም ተነሣ። ሞዞው ላይ የቀረውን ጉቶ በፒንሳ ይዘው ሲያዞሩት ያለ ትግል ወጣ። ጥብቀቱ ብዙውን ጊዜ ያለው ራሷ ላይ ነውና፣ ራሷ ሲሄድ ጉቶው የሚይዘው ያጣል።

ኖርዌይ ውስጥ የግል መኪና ከአራት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል፤ ፍሬንም አንዱ የሚታይ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከአሥሩ ዘጠኝ ገደማው ኤሌክትሪክ ነበሩ። እነዚህ ፍጥነታቸውን በአብዛኛው በሞተሩ ስለሚቀንሱ ዲስካቸው ሳይፋተግ ቁጭ ብሎ ይዝጋል። ስለዚህ የዝገት ሥራ አይጠፋም።

የሞዞው ፊት እስኪያበራ ተፈተገ፤ ከዲስኩ ሥር የቀረች ቅርፊት ፍሬን ሲያዝ መሪ ታንቀጠቅጣለች። አዲሱ ዲስክ ገባ። ልጁ፣ «ብሎኗን ብንተዋትስ? ጎማው ይይዘው የለ» አለ። እውነቱን ነው፤ ብዙ ጋራዦች ይተዋሉ። እሳቸው ግን አዲስ ብሎን አወጡ፣ ፊሌቶዋን ብቻ በስሱ ግራሶ ቀቧት፣ አስገቧት። «ጎማ በተፈታ ቁጥር ዲስኩ ያዘነብላል» አሉ፤ «ያኔ ቅርፊቱ ከኋላው ይገባል።»