ምስጋና ለእቃቃ

ደብረ ብርሃን ላይ የጠዋቱ ብርድ ገለል ሲል ሕፃናት ፀሐይ የመታው ግድግዳ ሥር እቃቃ ይጀምራሉ። ቆርኪ ሲኒ ይሆናል፣ የሸክላ ስባሪ ምጣድ፣ ውሃ የነካው አፈር ሊጥ። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ባዶውን ቆርኪ ለአያቷ ትዘረጋለች። «እማማ፣ ቡና ጠጪ። ያቃጥላል!» ብላ እፍ ትልበታለች። እቃቃን የምወደው ለዚህ ነው፤ የሌለ ቡና በሐሳቧ አፍልታ፣ እንዳያቃጥላቸው ለእሳቸው ትሳሳለች።

የሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያዤ እንዲህ አንዱን ነገር በሌላው የመወከል ችሎታ ሁለት ዓመት ገደማ ብቅ እንደሚል ጽፏል። የሶቪየት ኅብረቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪም በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታ ሲያስተምር፣ እንጨት ፈረስ ሲሆን ልጁ ትርጉምን ከዕቃው መነጠል እንደሚጀምር አስረድቷል። አንኮበር ዳገት ላይ ዱላ እየጋለበ የሚሮጠው ልጅ ይህንኑ እያደረገ ነው። ኋላ ፊደልን ከድምፅ ጋር ማያያዝም ይህንኑ ችሎታ ይፈልጋል።

ስልክ ይዛ የተቀመጠች ሕፃን ግን የእቃቃው ዓለም ያመልጣታል። በእቃቃ ቤት እንግዳ ሲገባ «ኖር» ይባላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ በተራ ይቀዳል፤ «አሁን እኔ እናት፣ አንቺ ልጅ ሁኚ» እየተባለ ድርድር አለ፣ ኩርፊያ አለ፣ እርቅም አለ። ጭቃ የጠጣውን ቀሚስ ሳይቆጡ የሚያጥቡ እናቶችን ከልቤ አመሰግናለሁ።