የማን ደሴት የማን ናት? ራሷን ስለምታስተዳድር አንዲት ትንሽ አገር የቀረበ ትችት

በአየርላንድና በታላቋ ብሪታንያ መካከል ባለው ባሕር ላይ ማን የምትባል ደሴት አለች። ስሟ ለአማርኛ አንባቢ ጥያቄ ይመስላል፤ «የማን ደሴት» ባልን ቁጥር ባለቤቷን የምንጠይቅ እንመስላለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ጥያቄ በቁም ነገር መጠየቅ ነው።

ስለ ደሴቲቱ የሚጻፉት መግለጫዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ቲንዋልድ የተባለው ሸንጎዋ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ እንደ ኖረና በዚህም በዓለም ላይ ካሉት ሸንጎዎች ሁሉ እንደሚቀድም በመናገር ነው። በ1979 የሺህኛው ዓመት በዓል በታላቅ ሥነ ሥርዐት ተከብሯል። እኛ ግን ይህ ውዳሴ ዋናውን ነገር ይሸፍናል እንላለን። የአንድ ሕዝብ ራሱን የማስተዳደር መብት የሚመዘነው ሸንጎው በኖረበት ዘመን ብዛት አይደለም፤ ሸንጎው እምቢ ባለ ጊዜ በሚደርስበት ነገር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የአገዛዙን መልክ ባጭሩ ከገለጽን በኋላ፣ ደሴቲቱና ለንደን ያልተስማሙባቸውን ጊዜያት እየመረመርን ውዳሴውን እንፈትናለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የአገዛዙ መልክ

ደሴቲቱ 572 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት፤ በ2021 በተደረገው ቆጠራ ሕዝቧ 84,069 ነበር። ዋና ከተማዋ ዳግላስ ይባላል። በሕግ አነጋገር የዩናይትድ ኪንግደም ክፍል አይደለችም፤ በለንደኑ ፓርላማም የሚቀመጥላት ተመራጭ የለም። የብሪታንያ ዘውድ ግዛት ስለ ሆነች፣ ዘውዱን ወክሎ የሚቀመጥ አገረ ገዥ አለባት። የውጭ ጉዳይና የመከላከያ ሥራ የብሪታንያ መንግሥት ኀላፊነት ነው፤ ግብር፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ፖሊስና ፍርድ ግን የደሴቲቱ የራሷ ነው።

ቲንዋልድ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። ታችኛው ኪይስ ይባላል፤ ትርጓሜውም «ቁልፎች» ማለት ነው። 24ቱን አባሎቹን ሕዝቡ ይመርጣቸዋል፤ ከ2016 ወዲህ ከ12 የምርጫ ክልሎች ሁለት ሁለት ሰው ይመረጣል። ላይኛው ምክር ቤት 11 መቀመጫዎች ሲኖሩት፣ ስምንቱን የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን ኪይስ ራሱ ነው።

የፖለቲካ ፓርቲዎች ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፤ አብዛኞቹ ተመራጮች በየግላቸው ተወዳድረው የሚገቡ ናቸው። ይህ የፓርቲ ጠብ ላሰለቸው ሰው የሚያስቀና ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጉድለት አለበት። ዋናው ሚኒስትር የሚሠየመው ከምርጫው በኋላ በተመራጮቹ ስለ ሆነ፣ መራጩ ሰው ይመርጣል እንጂ መንግሥት አይመርጥም። ብዙዎቹ ተመራጮችም በየመሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ሥራ ስለሚካፈሉ፣ መንግሥትን ከውጭ ቆሞ የሚነቅፍ ወገን ይሳሳል።

ከሥርዐቶቹ አንዱ ግን በእውነት የሚመሰገን ነው። በየዓመቱ በጁላይ 5 ቀን ገደማ ሸንጎው ሴንት ጆንስ በተባለ መንደር ባለ አራት እርከን ኮረብታ ላይ ይቀመጣል። በዓመቱ የወጡት ሕጎች በእንግሊዝኛና ማንክስ በተባለው በደሴቲቱ ጥንታዊ ቋንቋ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይነገራሉ። ሕግ ከጸደቀ በኋላ በ18 ወር ውስጥ በዚህ ዐይነት ካልታወጀ ይሻራል። በደል የደረሰበት ሰውም አቤቱታውን በኮረብታው ግርጌ ያቀርባል፤ ከሸንጎው አባሎች አንዱ ካነሣለት ጉዳዩ ሊመረመርለት ይችላል። ነጋሪት ተጎስሞ ዐዋጅ በአደባባይ ይነገርበት በነበረ አገር የተወለደ አንባቢ የዚህን ቁም ነገር ለመረዳት አይቸገርም፤ ያልሰማውን ሕግ ሕዝብ አይጠየቅበትም ማለት ነው።

፪. «ሳይቋረጥ» የሚለው ቃል

ቲንዋልድ የሚለው ስም ከጥንታዊው የኖርዌይ ሰዎች ቋንቋ የመጣ ሲሆን የስብሰባ ሜዳ ማለት ነው። የስብሰባው ልማድ ጥንታዊ መሆኑን አንክድም። የደሴቲቱ ጌቶች ግን በየጊዜው ተለዋውጠዋል። በ1266 ከኖርዌይ ንጉሥ ወደ ስኮትላንድ ንጉሥ ተላለፈች፤ ኋላም በእንግሊዝ እጅ ወደቀች፤ ከ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ስታንሊ የተባሉ መሳፍንት፣ ከ1736 ጀምሮ ደግሞ የአቶል መሳፍንት ገዟት።

በ1765 የሆነው ነገር ከሁሉ የሚያስተምር ነው። ደሴቲቱ ቀረጥ ያልተከፈለበት ሸቀጥ ወደ ብሪታንያ የሚሾልክባት በር ሆና ስለ ነበረ፣ የብሪታንያ መንግሥት የመስፍኑን የጌትነት መብት በ70,000 ፓውንድ ገዛው። ሻጩ መስፍኑ፣ ገዥው የለንደን መንግሥት ነበር፤ ኪይስ የውሉ ወገን አልነበረም። ሸንጎው አልተዘጋም፤ የጉምሩኩ ገቢ ግን በለንደን ሹማምንት እጅ ገባ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው። እንግዲህ «ሳይቋረጥ» የሚለው ቃል የስብሰባውን መቀጠል ይናገር እንደ ሆነ ነው እንጂ የሥልጣኑን መቀጠል አይናገርም።

ከዚህም በላይ፣ እስከ 1866 ድረስ ኪይስ የሕዝብ ምክር ቤት አልነበረም። አንድ ወንበር ሲጓደል አባሎቹ ራሳቸው ሁለት ሰዎች ያቀርቡና አገረ ገዥው አንዱን ይሾም ነበር። የዚህ ዐይነቱ ምክር ቤት ጠባይ በ1864 ተገለጠ። ጄምስ ብራውን የተባለ የጋዜጣ አዘጋጅ ኪይስን በጋዜጣው ስለ ነቀፈ፣ ምክር ቤቱ ከሳሽም ዳኛም ሆኖ የ6 ወር እስራት ፈረደበት። ሰባት ሳምንት ያህል ከታሰረ በኋላ ያስፈታው የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ኋላም ብራውን ከሶ ካሣ አገኘ።

ለውጡ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሎክ የተባለው አገረ ገዥ ከለንደን ጋር ተስማምቶ፣ ደሴቲቱ ለብሪታንያ ግምጃ ቤት በዓመት 10,000 ፓውንድ እየከፈለች ከጉምሩኳ ትርፍ እንድትጠቀም ሆነ፤ በምላሹም ኪይስ በሕዝብ ምርጫ እንዲቆም ተደረገ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1867 ተፈጸመ። በ1881 ደግሞ ንብረት ያላቸው ያላገቡና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች እንዲመርጡ ተፈቀደ፤ ይኸውም ኒው ዚላንድ በ1893 ለሴቶች ሁሉ የመምረጥ መብት ከመስጠቷ 12 ዓመት በፊት ነው። እኛ እንደሚመስለን የደሴቲቱ ክብር ከሺው ዓመት ይልቅ በእነዚህ 15 ዓመታት ውስጥ ይገኛል።

፫. እምቢታው ሲፈተን

በ1958 ደሴቲቱ ገንዘቧን የምታስተዳድርበት ሥልጣን ሰፋ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ አገረ ገዥው ይሠራው የነበረው የመንግሥት ሥራ ለተመረጡ ሚኒስትሮች ተላለፈ። ይህ እውነተኛ እድገት ነው። ፈተናው ግን ሥልጣኑ ሲሰጥ ሳይሆን ክርክር ሲነሣ ነው።

ራዲዮ ካሮላይን የተባለ የመርከብ ላይ የራዲዮ ጣቢያ ከ1964 ጀምሮ ራምሴ በተባለችው የደሴቲቱ ከተማ አቅራቢያ መልሕቁን ጥሎ ሙዚቃ ያሰማ ነበር። የብሪታንያ መንግሥት እንዲህ ያሉትን ጣቢያዎች በ1967 በሕግ ሲከለክል፣ ቲንዋልድም ተመሳሳይ ሕግ እንዲያወጣ ተጠየቀ። ኪይስ አልቀበልም አለ። በዚህ ጊዜ ለንደን በዘውዱ ምክር ቤት ትእዛዝ የራሱን ሕግ በደሴቲቱ ላይ አጸና። ነገሩ የሙዚቃ ጉዳይ ስለ ሆነ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም እምቢታው ምን ያህል እንደሚመዝን በግልጥ ያሳየ ነው። በ1973 በሎርድ ኪልብራንደን የተመራው ንጉሣዊ ኮሚሲዮንም የለንደኑ ፓርላማ ሳያስፈቅድ ለደሴቲቱ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው ገለጠ፤ በውስጥ ጉዳይ ያለ ፈቃድ ሕግ አለማውጣቱ ልማድ መሆኑ ግን አልተካደም።

በገንዘብም በኩል ነገሩ እንዲሁ ነው። ደሴቲቱ ከ1979 ጀምሮ ከብሪታንያ ጋር የጉምሩክና የቀረጥ ስምምነት አላት፤ የጋራው ገቢ በስሌት ይከፈላል። በ2009 ብሪታንያ ስሌቱ እንዲሻሻል ስላደረገች የደሴቲቱ ገቢ በብዙ ሚሊዮን ፓውንድ ቀነሰ፤ የበጀቷም አወጣጥ ተናጋ። በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ስትሰጥ ደግሞ፣ ውጤቱ ደሴቲቱ ከ1973 ጀምሮ ከኅብረቱ ጋር የነበራትን የንግድ ግንኙነት የሚያቋርጥ ሲሆን፣ ደሴቲቱ በምርጫው አልተካፈለችም።

የሕግ አጸዳደቁንም ማየት ይገባል። ተራውን ሕግ አገረ ገዥው በዘውዱ ስም ያጸድቃል፤ ከበድ ያለው ግን ለንደን ይመረመራል። በማይድን በሽታ ለሞት የተቃረበ ሰው በሐኪም እርዳታ ሕይወቱን እንዲያሳልፍ የሚፈቅደውን ሕግ ሁለቱ ምክር ቤቶች ክርክራቸውን በማርች 2025 ከፈጸሙ በኋላ፣ የዘውዱ ፈቃድ ለወራት ዘግይቷል። ሕጉ መልካም ነው ወይም አይደለም ለማለት አንሻም፤ የምንለው፣ ሸንጎው የመጨረሻውን ቃል ተናግሮ የመጨረሻው ቃል የርሱ አለመሆኑን ነው።

፬. ተቃራኒው አስተያየት

እዚህ ላይ የሚቀርብ ከባድ መከራከሪያ አለ፤ በዝምታ ልናልፈውም አይገባም። ከላይ ያለው ሥልጣን ደሴቲቱን ከራሷ ስሕተት አድኗል ይባላል። ብራውንን ያስፈታው የለንደን ፍርድ ቤት ነው። በ1972 አንድ የ15 ዓመት ልጅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በአርጩሜ ተገርፎ፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1978 ይህ ክብርን የሚያዋርድ ቅጣት ነው ብሎ ፈረደ። በደሴቲቱ ቅጣቱን የሚደግፈው ሰው ብዙ ስለ ነበረ፣ ግርፋቱ ከሕጉ መጽሐፍ የተፋቀው በ1993 ነው። እንግዲህ ትንሽ አገር ብቻዋን ብትተው፣ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት መንደር ደካማው ማን ዘንድ ይጮኻል?

መከራከሪያው እውነት አለበት። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል። በ1864ቱና በ1978ቱ ጉዳይ የፈረደው ፍርድ ቤት ነው፤ ሁለቱን ወገን ሰምቶ፣ ምክንያቱን ገልጦ፣ ለአንድ ሰው መብት ወሰነ። በ1978ማ ተከሳሽ ሆኖ የቀረበው የብሪታንያ መንግሥት ራሱ ነበር። በ1967ና በ2009 ግን የወሰነው በክርክሩ ውስጥ ጥቅም ያለው ወገን ነው። ዳኛ ከበላይ መኖሩና ባለ ጉዳይ ከበላይ መኖሩ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ነፃነትን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ነፃነትን በችሮታ ያኖራል።

፭. የሁለት ደሴቶች ምሳሌ

ይህ ልዩነት የቃል ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት ሁለት ሌሎች ደሴቶችን እንጥቀስ። በሰላማዊ ውቅያኖስ የምትገኘው ኖርፎክ በአውስትራልያ ፓርላማ ሕግ በ1979 ራሷን የማስተዳደር መብትና 9 አባሎች ያሉት ሸንጎ አገኘች። ሕዝቧ ወደ 2,000 ገደማ ነው። ገንዘብ ሲያጥራት የአውስትራልያን እርዳታ ጠየቀች። በሜይ 2015 በተደረገው የድምፅ አሰጣጥ ከመቶ 68 ያህሉ የፖለቲካ ኹኔታችንን የመወሰን መብት ለኛ ይሁን ቢሉም፣ ያው ሰጪው ፓርላማ በዚያው ዓመት ሸንጎውን በሕግ ሻረው።

በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ያለችው ኦላንድ ግን ሌላ መንገድ ሄዳለች። ወደ 30,000 የሚሆነው ሕዝቧ ስዊድንኛ ተናጋሪ ሲሆን፣ በ1921 የመንግሥታት ማኅበር ደሴቲቱ በፊንላንድ ሥር ሆና ቋንቋዋና የራሷ አስተዳደር እንዲጠበቅላት ወሰነ። የራስ አስተዳደሯ ሕግ የሚለወጠው የፊንላንድ ፓርላማ በልዩ የድምፅ ብልጫ ሲወስንና የኦላንድ ሸንጎ ሲስማማ ብቻ ነው። የኦላንድ ሸንጎ በእድሜ ከቲንዋልድ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ እምቢ ሲል ግን እምቢታው ይጸናል።

፮. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ደሴቲቱ ለንደንና ዳግላስ እስከ ተስማሙ ድረስ የሕዝቧ ናት፤ በተጣሉ ጊዜ ግን የለንደን ናት። የሚጠብቃት ልማድ ነው። ልማድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ዘመንም ጠብቋታል። ሆኖም የልማድ ጉድለቱ የሚፈለገው በችግር ቀን ሆኖ ሳለ የሚሻረውም በችግር ቀን መሆኑ ነው። ስለዚህ የቲንዋልድ ወዳጆች ለሸንጎው ከሺህ ዓመት በላይ እድሜ ከመቁጠር ይልቅ ሁለት ነገር ቢጠይቁለት ይሻላል እንላለን፤ አንደኛ፣ የግንኙነቱ ውል ያለ ሸንጎው ፈቃድ እንዳይለወጥ በሕግ እንዲጻፍ፤ ሁለተኛ፣ ክርክር ሲነሣ ከሁለቱ ወገን ያልሆነ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ።

የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ለምንከታተል ተማሪዎችም ከዚህ የሚገኝ የአጠናን ዘዴ አለ። ስለ አንድ ራስ ገዝ አገር ስንመረምር በመጀመሪያ ልንፈልገው የሚገባን ሸንጎው የተመሠረተበትን ዓመት ሳይሆን፣ የመሠረተውን ሕግ ማን ሊያፈርሰው እንደሚችል የሚናገረውን አንቀጽ ነው። አንቀጹ ከሌለም፣ አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው።