አክተሩ ሲበር ለምን ሳቅን?

የልደታ ልጅ ከሆናችሁ፣ የድሮውን ሰፈር የሚያስታውስ ታላቅ ወንድም ካላችሁ፣ ቪዲዮ ቤት ምን እንደነበር ጠይቁት። ኮንዶሚኒየሞቹ ከመሠራታቸው በፊት ነው። ጠባብ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ መስኮቱ ላይ የተጋረደ ጨርቅ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን። የዕለቱ ፊልም ዝርዝር በር ላይ ይለጠፋል፤ «ካራቴ» የሚል ካለበት ቤቱ ይሞላል። ፊልሙ በማንደሪን ይሁን በካንቶንኛ ግድ የሚሰጠው አልነበረም። ዋናው ሰውዬ ስሙ ማንም ይሁን ማን «አክተሩ» ነው፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም።

እኔም እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። እስካሁን የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አክተሩ ብቻውን ሃያ ሰው ሲዘርር ማንም ትንፍሽ አይልም። ሰይፉን ይዞ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲበር ግን ከኋላ አንዱ «ኧረ ውሸት!» ይላል፤ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

በፊዚክስ ከሄድን ልጁ ልክ ነው። አንድ ሰው 1 ሜትር ወደ ላይ ቢዘል፣ ተነስቶ እስኪያርፍ አየር ላይ የሚቆየው 0.9 ሰከንድ ገደማ ነው። እግሩ መሬት ከለቀቀ በኋላም የሚስበው ሌላ ነገር ከሌለ መንገዱን መቀየር አይችልም። ፊልሙ ላይ ግን የሚስበው ነገር አለ፤ ሽቦ ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ሃያውን ማሸነፉስ እውነት ነው እንዴ? አንዱን ውሸት አምነን ሌላው ላይ የሳቅነው ለምንድን ነው?

ከለመድነው ነገር የመጣ ይመስለኛል። ከልደታ ብዙም ሳይርቅ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አለ። ጻድቁ በሥዕል ባለ ስድስት ክንፍ ናቸው፤ ከደብረ ዳሞ ሲወርዱ ገመዱ ተቆርጦ ክንፍ እንደተሰጣቸው ገድላቸው ይተርካል። ያ የሳቀው ልጅ እዚያ ሥዕል ፊት ቢቆም አይስቅም። ታሪኩን ከአያቱ እየሰማ አድጓላ! ብዙ ቻይናዊ ልጅ ደግሞ ዉሺያ የሚባለውን የሰይፈኞች ታሪክ እየሰማና እያነበበ ያድጋል። በዚያ ታሪክ ለዓመታት ትንፋሹንና አካሉን የገራ ሰው ሰውነቱ ይቀልለታል። ሁለቱን አንድ ናቸው አልልም፤ አንዱ እምነት ነው፣ ሌላው ልብ ወለድ። ግን በሁለቱም መብረር የሚነግረን ስለ ሰውየው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ አንድ ፊልም እንምጣ፦ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የአንግ ሊ «ክራውቺንግ ታይገር፣ ሂደን ድራጎን»። አሜሪካ ውስጥ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በ2001 አራት ኦስካር ወሰደ። ቻይና ውስጥ ግን አቀባበሉ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። በረራው ለእነሱ አዲስ አልነበረም። አነጋገሩም ጆሯቸውን ቆረቆረው፤ ቾው ዩን-ፋት የሆንግ ኮንግ፣ ሚሼል ዮ ደግሞ የማሌዢያ ልጅ ናት፣ ማንደሪን የአፍ መፍቻቸው አይደለም። እስቲ አስቡት፤ የጎንደር ቤተ መንግሥት ፊልም ላይ ንጉሡ በዘንድሮ አራዳ ቋንቋ ቢያወሩ ማን ዝም ብሎ ያያል? የባህል ተመራማሪው ስቱዋርት ሆል በ1973 እንዳስረዳው፣ ፊልም ሠሪው ትርጉሙን ቋጥሮ ይልካል፤ የሚፈታው ግን ተመልካቹ ነው፣ ያውም በራሱ መንገድ።

በቅርቡ ፊልሙን ደግሜ አየሁት። ቀርከሃው ጫካ ውስጥ ያለውን ትዕይንት በልጅነቴ ብሆን እስቅበት ነበር። አሁን ሌላ ነገር ታየኝ። ሊ ሙ ባይ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ወፍ አርፎ ይቆማል፤ ወጣቷ ጄን ግን ሚዛኗን ለመጠበቅ ትታገላለች። ማን ራሱን እንደገዛ፣ ማን ገና እንዳልገዛ ያለ አንድ ቃል ተነገረን። ሽቦው የሠራው ይሄንን ነው። ፊልሙ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ በረሃው ውስጥ ያለው የፍቅር ታሪክ በጣም ይንዛዛል።

የትግሉን ቅንብር የሠራው ዩን ዉ-ፒንግ በ1999 የ«ማትሪክስ»ንም ሠርቷል። እዚያም ሰው ይበራል፤ ግን «ኮምፒውተር ውስጥ ነው» ስለተባልን በደስታ ተቀበልን። ምክንያቱ ከተነገረን እናምናለን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። «ቻይናዊ እንዲህ ያያል፣ እኛ እንዲህ እናያለን» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። ካራቴ የሚማረው ጎረቤታችን ዓይኑ እግር ላይ ነበር፤ ትንንሾቹ የሚያስቅ ነገር ይጠብቃሉ። ሴት ልጆች ደግሞ ቪዲዮ ቤት ብዙም አይገቡም ነበር። ስለዚህ «የልደታ ተመልካች» ስል ግማሹን ሰፈር ትቼ ነው። የሚቆጨው ደግሞ፣ ያን ፊልም ከሚሸከሙት ተዋጊዎች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

በ2015 ሥራ የጀመረውን፣ በልደታ የሚያልፈውን ቀላል ባቡር የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው። መንገድ ላይ ላየነው ቻይናዊ ሁሉ «ጃኪ ቻን!» እያልን የጮህን ብዙዎች ነን። ከፊልሙ የያዝነው አንድ ስም ብቻ ነበር። ቀጥሎ ስታዩ «ውሸት!» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ታሪክ ሲነገረው ያደገ ልጅ እዚህ ጋ ምን ይታየዋል?