ንባብን የሚያዘገይ ሥርዓት፦ ከይፋት ሁለት የትምህርት ወጎች

ስለ ንባብ ባህል መድከም በተጻፈ ቁጥር የሚቆጠረው የመጻሕፍት፣ የቤተ መጻሕፍትና የአንባቢ ብዛት ነው። ከቁጥሩ ጀርባ አንድ እምነት አለ፤ ያነበበ ያስባል፣ ብዙ ያነበበም አብልጦ ያስባል የሚል። ይህ ጽሑፍ እምነቱን የሚፈትነው በሸዋሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ምድር ነው። የይፋት ደጋና ቆላ የቤተ ክርስቲያንንና የሸኾችን የንባብ ወግ ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን አኑረዋል። ሁለቱን አቀራርቦ ላየ ሰው፣ ማሰላሰል የሚመነጨው ንባብን ሆን ብሎ ከሚያዘገይ ማኅበራዊ ሥርዓት እንጂ ከንባብ ብዛት እንዳልሆነ ይታየዋል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያፈረሰውና ሳይተካ የቀረው ይህንኑ ሥርዓት ነው ባይ ነኝ።

በቆላው በኩል ማስረጃው ሩቅ ይወስዳል። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ይፋትን የገዙት የወላስማ ሱልጣኖች ነበሩ። እንደ ኖራና አስባሪ ባሉ ቦታዎች የከተሞቻቸው ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ይታያል፤ በሸዋሮቢት አቅራቢያም የአርጎባዎች መንደር ጎዜ ከጥንታዊ መስጊዷ ጋር አለች። በካይሮ ቤተ መንግሥት ያገለገለውና እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተው ጸሐፊ አል ዑመሪ ስለነዚህ የሙስሊም ግዛቶች ሲጽፍ መስጊዶችና የጁምዓ ጸሎት እንዳሉ፣ መድረሳ (የትምህርት ሕንፃ) እና ዛውያ (የሱፊዎች ማደሪያ) ግን እንደሌሉ መዝግቧል። ይህን አንብቦ ትምህርት አልነበረም ማለት ግን ችኮላ ነው። በዚህ አገር ትምህርት የሚኖረው በሕንፃ ሳይሆን በሰው ነው፤ ሸኹ ባለበት ጥላ ሥር ወይም መስጊድ ጥግ ደረሳው፣ ማለት ተማሪው፣ ይሰበሰባል፣ ሸኹ ሲሞት ይበተናል። እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የመሬት ቁፋሮ አያገኘውም። ያው ጸሐፊ ስለ ጫትም ያወሳል፤ ማስታወስን እንደሚያግዝና እንቅልፍን እንደሚቀንስ ይናገራል። ስለ ተክሉ ከተጻፉት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ስለ ይፋት መሆኑና ከማስታወስና ከሌሊት ንቃት ጋር መያያዙ ለኔ ትርጉም የለሽ አጋጣሚ አይደለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በጫት ቤት ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚውለው ወጣት የወረሰው ቅጠሉን እንጂ ኪታቡን አይደለም።

ሥርዓቱ ራሱ እንዴት ይሠራ ነበር? በሸኾቹ ዘንድ ልጁ አንቀጹን በሎህ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደጋግማል፣ በቃሉ ሲይዘው ያጥበዋል፤ ቀጣዩን የሚጽፍበት ቦታ የሚያገኘው ያለፈው ከራሱ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ቁርኣንን የሚያከትመው አብዛኛውን ጊዜ ዐረብኛ ሳያውቅ ነው። ትርጉም የሚመጣው ቆይቶ፣ ኪታብ መቅራት ሲጀምር ነው። ያኔ ሸኹ ከፊቅህ (የሕግ) ወይም ከነህው (የሰዋስው) መጽሐፍ ሐረግ በሐረግ በዐረብኛ እያነበበ በአገሩ ቋንቋ ይፈታል፤ ደረሳውም አንዱን ኪታብ ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው ሸኽ ለመቅራት አገር ያቋርጣል። ስለ ወሎ እስልምና የጻፉት የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ እንዳሳዩት፣ ይህ የዝውውር ትምህርት በ19ኛው መቶ ዓመት የሰሜኑን ሙስሊም ማኅበረሰብ ያስተሳሰረ ድር ነበር።

በደጋው የአንኮበርና የተጉለት አድባራትም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልጁ ፊደል ከለየ በኋላ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ያልፋል፣ ዳዊት ይደግማል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን የሚጠይቀው የለም። ከዚያ ቅኔ ቤት ሲገባ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። የኔታ ግሱን አስነግረው ያሰናብቱታል፤ ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፣ ማታ ይዞ ይቀርባል፣ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። መጻሕፍት ቤት የደረሰ ደግሞ የግእዙን ቃል በአማርኛ ሲተረጉም፣ «አንድም» እያለ ለአንድ ጥቅስ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበዙ ፍቺዎችን ሳያፈርስ ጎን ለጎን ያቆማል፤ አንድምታ የሚባለው ይህ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ወጎች ያላቸው መመሳሰል ያስገርማል። በሁለቱም ዘንድ ጽሑፉ የሚነበበው በአንድ ቋንቋ፣ የሚታሰበው በሌላ ነው። በሁለቱም ዘንድ ማንም ብቻውን አንብቦ ገባኝ አይልም፤ ገባኝ የሚባለው በመምህር ፊት ተናግሮ ሲያልፍ ነው።

የዘመናዊ ትምህርት ወገኖች የታወቀ ተቃውሞ እዚሁ ይነሣል፦ ይህ ሽምደዳ ነው፣ ሽምደዳም ሐሳብን ይገድላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ፊደል ቤት ወይም ሎህ ላይ የቀረ ልጅ፣ ያም ብዙው ልጅ ነው፣ የማይገባውን ቃል ተሸክሞ ይኖራል። ነገር ግን ስሕተቱ የመጀመሪያውን ደረጃ እንደ መላው መንገድ መቁጠሩ ነው። በቃል የተያዘ ጽሑፍ ያለ መጽሐፍ ይታሰባል፤ በሬ ሲነዳ፣ ውሃ ሲጠለፍ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል አብሮ ይኖራል። የጎጃሟን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማስታወስ ይበቃል። ዓይናቸው ከልጅነታቸው የጠፋ እኚህ ሴት በጽላሎ ቅኔ አስተምረው ሊቃውንት አፍርተዋል። ንባብ ገጽ ማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሳቸው ያልተማሩ ይባሉ ነበር።

ብቻውን በቋንቋው የሚያነብ ሰው ይገባዋል የሚለው ተቃራኒ እምነት ወደ ይፋት የገባበትን ጊዜም እናውቃለን። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት በአንኮበር ሲቀመጥ፣ የታተሙ የአማርኛ ቅዱሳት መጻሕፍት ያድል ነበር። የዚያ ሥራ መሠረቱ አንባቢና ጽሑፍ ያለ አማላጅ ይገናኙ የሚል ነበር። ሐሳቡ የተከበረ ነው፤ መጽሐፉን ከጥቂቶች እጅ አውጥቶ ለብዙው ይሰጣል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህንኑ በመንግሥት ኃይል አደረገው፤ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፣ የዩኔስኮንም ሽልማት አስገኘ። ፊደል ያልቆጠረች የቆላ ገበሬ ሚስት ስሟን እንድትጽፍ ያስቻለን ነገር ማናናቅ ነውር ነው። ይሁን እንጂ ዘመቻው የቆጠረው ማንበብ የቻለውን ሰው እንጂ ያነበበውን መልሶ ያሰበውን አልነበረም፤ መቁጠሪያም አልነበረውም። ድምፅን፣ በቃል መያዝንና በመምህር ፊት መፍታትን ባንድ ጊዜ ያስቀረው የአስኳላ ትምህርት በምትካቸው ፈተናን አስቀመጠ። ፈተና ደግሞ የሚጠይቀው አንድ መልስ ነው፤ «አንድም» የሚል ተማሪ ነጥብ አያገኝበትም።

ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ይቀራሉ። የመጀመሪያው፣ የድሮው ጉባኤ፣ ማለት መምህርና ተማሪ የሚቀመጡበት ክበብ፣ የተዘጋ ነበር የሚል ነው፤ እውነት ነው፣ እና ልከራከረው አልፈልግም። እማሆይ ገላነሽ ስማቸው የሚነሣው ብርቅ ስለሆኑ ነው፤ ሴቶች በብዛት ከበሩ ውጭ ነበሩ፣ በእጅ ሙያቸው የተናቁትም እንዲሁ። የአንድምታው አማራጭ ፍቺም ቢሆን በአብዛኛው የተወረሰ እንጂ አዲስ የሚጨመርበት አልነበረም። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ይህ ሁሉ ማሰላሰል ደጋውንና ቆላውን ከጦርነት አላዳነም። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ዐፄ ዐምደ ጽዮን በይፋቱ ገዥ በሰብረ ዲን ላይ የዘመቱበትን ታሪክ የጻፈው ሰው በቅዱሳት መጻሕፍት የጠለቀ ነው፤ ጥቅሱ ግን የሚያገለግለው ጠላትን ለማጥቆር ነው። ታዲያ ማንበብ ምን ረባ? መልሴ ውስን ነው። ሁለቱም ወጎች ሰውን በራሳቸው መጽሐፍ ላይ እንዲዘገይ አስተማሩት፣ የጎረቤቱን መጽሐፍ ግን ከጉባኤው ውጭ አደረጉት። አንድምታ በአንድ ጥቅስ ላይ ብዙ ፍቺ ሲታገሥ፣ በሌላው ሰው ላይ አንድ ፍቺ ብቻ ነበረው። ጉድለቱ የወሰን ነው፤ ከመዘግየቱ የመጣ አይደለም። ወሰን ደግሞ ይሰፋል። በአማርኛ የሚፈታው ደረሳና በአማርኛ የሚፈታው ተማሪ አንድ የማሰቢያ ቋንቋ ነበራቸው፤ የጎደላቸው አንድ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ ነው።

ድህነትስ? የማሾ ነጋዴና ሽንኩርት አልሚ ለመጽሐፍ ጊዜ የለውም የሚለውን ሙግት ቶሎ ማለፍ ይቻላል፤ የቆሎ ተማሪው ለምኖ፣ ደረሳውም የሸኹን ማሳ አርሶ ነው የተማረው። የሚከብደው መምህር ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ብዙዎች ተደስተዋል፣ ደስታውም ተገቢ ነው፤ ሸዋሮቢትም በአቅሟ ቤተ መጻሕፍት ያሻታል። ሆኖም መደርደሪያው ብቻውን ጉባኤ አይሆንም። ወንድ ሴት፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይለይ፣ አንድ አጭር ጽሑፍ ድምፅ ተሰጥቶት የሚነበብበት፣ ማንም ወደድኩት ጠላሁት ከማለቱ በፊት ቢያንስ ሁለት ፍቺ የሚቀርብበት፣ በሳምንቱም ወደዚያው ጽሑፍ የሚመለሱበት ስብሰባ ያስፈልጋል። ይህን ለመምራት አሥር ዓመት ቅኔ የተማረ ወይም ኪታብ የቀራ ሊቅ የግድ አይደለም፤ መታረምን የለመደ፣ ሌላውንም ማረም የሚችል ሰው ግን ግድ ነው። የድሮዎቹን መምህራን ያኖረው የገበሬው እህልና የምእመኑ ሶደቃ ነበር። ሕንፃውና መጻሕፍቱ በበጀት ይገዛሉ፤ የዚህን ሰው ደመወዝ የሚችለው ማን እንደሆነ ግን ገና አልተወሰነም።