የኮሶዬ ድንጋይ ዓይኖች

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ወደ ሩቁ ቆላ ይሸሻል፤ የእኔ አድናቆት ግን ከእግር ሥር ላለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተደራርቦ የፈሰሰ ባዛልት ነው፤ አንዳንዱ ሲሰበር እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። ምክንያቱም ይመሳሰላል፦ እንጀራውን ዓይናማ የሚያደርገው ከሊጡ የሚወጣ ጋዝ ነው። በምድር ጥልቅ ግፊት ቅልጥ ዐለት ውስጥ ሟሙቶ የኖረ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድም ዐለቱ ሽቅብ ወጥቶ ጫናው ሲቀል አረፋ ሆኖ ያመልጣል።

«ጋዙ ካመለጠ ባዶ ጉድጓድ ምን ይመሰክራል? በአንዳንዱ ውስጥ የሞላው ነጭ ማዕድንስ ኋላ በሰረገ ውሃ የመጣ አይደለም?» ቢባል፣ ልክ ነው፤ ቀዳዳው ጋዝ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም። መጠኑ የሚለካው ውቅያኖስ ወለል ላይ ፈስሶ፣ በባሕሩ ክብደት ታፍኖ፣ በቅጽበት መስተዋት ከሆነው ባዛልት ነው፤ እዚያም ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ይቺ ጥቂት ውሃ ግን የጥልቁን ዐለት ቀድሞ እንዲቀልጥ ታደርገዋለች። የብስ ላይ ለፈሰሰው ደግሞ ኦሊቪን የተባለው አረንጓዴ ማዕድን በሆዱ የቋጠራት ኢምንት የቅልጥ ዐለት ጠብታ አለች፤ እሷም ብትሆን ቀስ በቀስ ውሃዋ ይሾልካል።