ከቅባቱ በፊት

ጸጉሯ የሳሳባት ሴት ጸጉር ቤቴ ስትመጣ ጥያቄዋ የታወቀ ነው፤ «ምን ልቀባ?» ትለኛለች። አንዳንዷማ ጠርሙሷን በቦርሳዋ ይዛ ትመጣለች፤ ከእኔ የምትፈልገው «ጥሩ ነው» የሚል ቃል ብቻ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ሻሿን አስፈትቼ፣ ወደ መስኮቱ አዙሬ አስቀምጣትና የሳሳው የት ላይ እንደሆነ አያለሁ።

ከግንባር ጠርዝና ከጆሮ በላይ የሸሸ ጸጉር አብዛኛውን ጊዜ የሹሩባ ሥራ ነው። አጫጭርና ለስላሳ ጸጉሮች ጠርዙ ላይ ቀርተው ከኋላቸው ባዶ ቆዳ ይታያል፤ የጉንጉኑ ሥር ቡግር መሳይ ነገር ካወጣማ ምን ይጠየቃል። መሃል አናት ላይ መስመሩ እየሰፋ ከሄደ በዘር የመጣ መሆኑን እጠረጥራለሁ። ድንገት ሳንቲም የሚያህል ልሙጥ ክብ ከታየ ላሽ ነው። ከሁሉም ቦታ እየረገፈ ማበጠሪያ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ወሬ እጀምራለሁ፤ ወልደሽ ነበር? ታመሽ ነበር? እህል ትበያለሽ ወይ?

ብዙ ቦታ የሚበላሸው እኛው ወንበር ላይ ነው። «ጠበቅ አድርጊልኝ፣ ቶሎ እንዳይፈታ» ትላለች ደንበኛ። ገንዘቧን ከፍላ እንዲቆይላት መፈለጓ አይፈረድባትም። ግን ቅንድቧ ወደ ላይ ተስቦ፣ ማታ የራስ ምታት ክኒን ውጣ የምትተኛዋን ሴት «አምሮብሻል» ማለት ለምዶብናል። እኔ የፊቱን ለጋ ጸጉር ሳልነካ ከጠርዙ ገባ ብዬ እጀምራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙሮች አላላና ወደ ኋላ ስሄድ ጠበቅ አደርገዋለሁ። ቅጥያ ጸጉርም ገና ከመነሻው አላስገባም፤ ክብደቱ ሥሩን ይጎትታል። ስጨርስ «እስቲ ቅንድብሽን አንሺ» እላታለሁ፤ ከተወጠረባት እያጉረመረመችም ቢሆን እፈታዋለሁ። መጎተቱ በጊዜ ከቆመ ጸጉሩ ይመለሳል። ዓመታት ቆይቶ ሥሩ ከጠባሰና ቆዳው ከተወለወለ ግን የሚያበቅለው ቅባት የለም።

ቅቤን አልንቅም። ጸጉር ቅቤ ቢቀባም ባይቀባም የሚያድገው በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለጋ ቅቤ ግን ዘለላውን አለስልሶ ከመሰባበር ያድነዋል፣ ያደገው ሳይቆረጥ ይቆያል። ሌላም ውለታ አለው። ቅቤ የተቀባች ሴት ካስክ ውስጥ አትገባም፣ ፔስትራ አታስነካም፣ ሻሿን ሸብ አድርጋ ቤቷ ትቀመጣለች። በእኔ ግምት ከቅቤው ምስጋና ግማሹ ለዚህ እረፍት ይገባዋል። የጉሎ ዘይትም እንደዚያው ነው፤ ብቻ ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ይበቃል፣ ሲታጠብም በደንብ ካልለቀቀ ጸጉሩን ያያይዘዋል።

የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ባግዳድ ውስጥ የተሠራ ጥናት የላሽ ሕመምተኞች ላይ ከውሃ ጋር አወዳድሮት ሽንኩርቱ በልጦ ተገኝቷል። ጥናቱ ግን ትንሽ ነበር፤ የተሞከረውም ለላሽ ነው፣ በሹሩባ ለተነቀለ ወይም በዘር ለሳሳ ጸጉር ምስክር አይሆንም። የጥብስ ቅጠል ዘይትም በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኢራን ውስጥ በዘር ምክንያት ጸጉራቸው በሳሳ ሰዎች ላይ ለስድስት ወር ከ2 ፐርሰንት ሚኖክሲዲል ጋር ተወዳድሮ ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል፤ ምንም ያልተቀባ ቡድን ግን አብሮ አልነበረም። ደንበኞቼ የሚያመጡት ደግሞ ቅጠሉን የቀቀሉበትን ውሃ ነው። ሽታው ደስ ይላል፣ ጉዳትም አላየሁበትም፤ ዘይቱ ግን አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ አናት ላይ ለጥፎ ማደርን አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ የቋጠረ አናት በዓይኔ አይቻለሁ።

አራሶች ጉዳይ ላይ ቅባት ሁሉ በነጻ ስም ያተርፋል። በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ጸጉር ከወሊድ በኋላ፣ ሦስተኛው ወር ገደማ ላይ፣ አንድ ላይ መርገፍ ይጀምራል። እናትየው ትደነግጣለች፤ አንዷ አብሽ ትዘፈዝፋለች፣ ሌላዋ ጥቁር አዝሙድ ታስጨምቃለች። ጸጉሩ በአብዛኛው ዓመት ሳይሞላ በራሱ ይመለሳል፤ ያኔ በእጇ የነበረው ቅባት «አበቀለልኝ» ተብሎ ለጎረቤት ይነገርለታል። «የኔ እናት፣ በደንብ ብዪ፣ ታገሺ» ስላት ግን የደበቅኳት መድኃኒት ያለ ይመስላታል። ፊቷ ከገረጣ፣ ቶሎ የሚደክማት ከሆነ ወይም የወር አበባዋ ከበዛ የደም ምርመራ እንድታደርግ እልካታለሁ፤ የብረት ማነስና የታይሮይድ ችግር ጸጉር ያረግፋሉ፣ ከእኔ መደርደሪያ ደግሞ መድኃኒታቸው አይገኝም።

ልጅ ይዛ የመጣች እናት ከሆነች ነገሩ አጭር ነው። አናቱ ቅርፊት አውጥቶ ጸጉሩ ከሥሩ እየተቀነጠበ ከሆነ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ ቅቤም ሽንኩርትም አይነካውም፣ ከላይ የሚቀባ ብቻውን አይደርስበትም፣ ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወንበር ላይ ሳላስቀምጠው ወደ ጤና ጣቢያ እመራቸዋለሁ፤ የእህት የወንድሞቹንም አናት እንድታይ፣ ሚዶውን ለብቻው እንድታደርግለት እነግራታለሁ።