ዘፈኑ የማንን ስም ይጠራል?
የታር በረሃ ሙዚቀኞች በዓለም መድረክ

መድረኩ ጨለማ ነው። በጨለማው ውስጥ ቀይ መጋረጃ የተጋረደባቸው ከሠላሳ በላይ ሳጥኖች አራት ፎቅ ሆነው ተደራርበዋል። በመጀመሪያ በአንዱ ሳጥን ዙሪያ ያሉት አምፖሎች ይበራሉ፤ መጋረጃው ይገለጣል፤ ባለ ጥምጥም ሰው እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ ካማይቻ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ በቀስት ይገዘግዛል። ቀጥሎ ሌላ ሳጥን ይበራል፤ ከዚያም ሌላ። ዴዎ ካን ከግድግዳው ፊት ቆሞ፣ በሁለት እጆቹ ካርታል የሚባሉትን የእንጨት ቁርጥራጮች እያንኳኳ ይመራል። ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቀጣጠል የቆየው ዜማ መጨረሻ ላይ ግድግዳውን በሙሉ በብርሃን ይሞላዋል፤ አዳራሹም ብድግ ይላል። ይህ የሮይስተን ኤብል «የማንጋኒያሮች ማማለል» ነው፤ በ2006 በዴሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ በ2010 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእነዚህ ሙዚቀኞች አንዱ በሕንድ ታር በረሃ፣ በጃይሳልሜር ወይም በባርሜር መንደር፣ በአንድ የራጅፑት (የባላባት ወገን) ቤተሰብ የሠርግ ግቢ ሲጫወት የሚገለጥ መጋረጃ የለም። ያሉት በቅርብ የሚያውቃቸው፣ አባቱም አባቶቻቸውን የሚያውቅ ሰዎች ናቸው። የባለ ድግሱን ስም ይጠራል፤ ከእርሱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ አያቱ እያለ የዘር ሐረጉን ይወጣል። ይህ የውዳሴ ንባብ ሹብራጅ ይባላል። ሰሚው ከጣዕሙ ጋር የራሱን አባቶች ስም ይሰማል፤ ስለ ሰማም ዕዳ አለበት።

የእነዚህ ሁለት መድረኮች ልዩነት ብዙ ጊዜ የሚተነተነው «ንጹሕ» እና «የተበረዘ» በሚሉ ቃላት ነው። አንዱ ወገን ባህሉ ለቱሪስት ተሸጠ ብሎ ያዝናል፤ ሌላው ከመጥፋት ተረፈ ብሎ ያጨበጭባል። ሁለቱም ጆሯቸውን የጣሉት ድምፁ ላይ ነው፤ እኔ ግን ከድምፁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ተቀባዩ ነው። ስም ያለው፣ የሚወቀስና የሚመሰገን ባለ ዕዳ ሰሚ በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ትኬት ቆርጦ የገባ፣ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰሚ ለሙዚቀኛው ምን ዕዳ አለበት?

ማንጋኒያሮች ሙስሊሞች ናቸው፤ ለትውልዶች የዘፈኑላቸው ጃጅማኖች፣ ማለትም በውርስ የተሳሰሯቸው ደጋፊ ቤተሰቦች፣ በአብዛኛው ሂንዱ ራጅፑቶች ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ላንጋዎችም ሙስሊም ሙዚቀኞች ናቸው፤ የእነርሱ ጃጅማኖች ግን ሲንዲ ሙስሊሞች ሲሆኑ መሣሪያቸውም ሲንዲ ሳራንጊ ነው። አዝማሪዎች ብንላቸው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም፤ ልዩነቱ ያለው ውሉ ላይ ነው። አንድ የማንጋኒያር ቤት ከአንድ የጃጅማን ቤት ጋር በዘር ይተሳሰራል። ልጅ ሲወለድ፣ ሠርግ ሲደገስ ይዘፍናል፤ የቤቱን ትውልድ በቃሉ ይዞ ይኖራል። በምላሹ እህል፣ ከብት፣ ልብስና ገንዘብ ይቀበላል። ውሉ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ የአንዱ ቤት ታሪክ ያለ ሌላው አይነገርም። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ድንበሩ ይህን ገመድ መሐል ለመሐል ቆረጠው፤ ዘመድም ጃጅማንም በሲንድ በኩል ቀረ።

የሚዘፍኑትም ከዚህ ኑሮ የወጣ ነው። የክሪሽናን ልደት የሚያበሥር ዜማ፣ የሚራባይ መዝሙር፣ የካቢር ግጥም፣ የቡሌ ሻህና የሻህ አብዱል ላቲፍ የሱፊ ቅኔ በአንድ ጉሮሮ ውስጥ ይኖራሉ። የዓለም ገበያ ከዚህ ሁሉ አንዱን መዝዞ «የሱፊ ሙዚቃ» የሚል መለያ ለጥፎበታል። መለያው ሐሰት አይደለም፤ የኤብል ትርዒት መሠረት ራሱ የቡሌ ሻህ ግጥም ነው። ነገር ግን የሙስሊሙን ዘፋኝ ለሂንዱ አምላክ መዘመር፣ የሂንዱውንም ጌታ ይህን ከሙስሊም አፍ መጠበቅ ከዕይታ ያወጣዋል። ለእኔ ከታር በረሃ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፤ የሙዚቃ መደብሩ መደርደሪያ ግን ለዚህ የሚሆን ስም የለውም።

የድሮውን ውል ማሞገስ አልፈልግም። «ማንጋኒያር» የሚለው ስም ራሱ ከመለመን ጋር የተያያዘ ነው፤ በዚህም ምክንያት «ሜራሲ» ተብለው መጠራትን የመረጡ አሉ። ዘፋኙ ከጃጅማኑ ጋር በማዕረግ እኩል አልነበረም። በ2017 በጃይሳልሜር አውራጃ ዳንታል በተባለች መንደር አንድ ማንጋኒያር ተገደለ፤ በአምልኮ ሥነ ሥርዓት ላይ ያሰማው ዜማ መንፈሱን አላወረደም በሚል እንደሆነ ተዘገበ፤ የማኅበረሰቡ ቤተሰቦችም መንደሩን ጥለው ተሰደዱ። ስም የሚያውቅ ሰሚ የሚቀጣም ሰሚ ነው። የሙዚቃ አጥኚዋ ሻሊኒ አያጋሪ በ2022 ባሳተመችው መጽሐፍ ማንጋኒያሮች የለውጡ ሰለባዎች ብቻ እንዳልሆኑ፣ የደጋፊነትን ሥርዓት ራሳቸው ወደ አዲስ መልክ እያሸጋገሩት እንዳሉ ታሳያለች። በዚህ እስማማለሁ። ከእርሷ አንድ እርምጃ አልፌ ማለት የምፈልገው፣ አዲሶቹ ደጋፊዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ነው።

የመጀመሪያው አዲስ ደጋፊ ምሁር ነበር። ኮማል ኮታሪ ከጸሐፊው ከቪጃይዳን ዴታ ጋር በ1960 በቦሩንዳ መንደር ሩፓያን ሳንስታን የተባለውን ተቋም መሠረተ። ማንጋኒያሮችንና ላንጋዎችን በየቤታቸው ሄዶ ቀረጸ፤ የዘፈኖቻቸውን ዓይነትና የጃጅማኖቻቸውን ሰንሰለት መዘገበ፤ ለልጆች የሥልጠና ሰፈር አዘጋጀ፤ በኋላም በውጭ አገር መድረኮች ላይ አወጣቸው። ኮታሪ ዜማን ከኑሮ ነጥሎ አያይም ነበር። በጆድፑር አቅራቢያ በእርሱ ሐሳብ የተቋቋመው ሙዚየም ከሚያሳያቸው ነገሮች ዋናው መጥረጊያ ነው፤ ከየትኛው ሣር እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ የትኛው ቤት የትኛውን እንደሚጠቀም። መጥረጊያን እንዲህ የሚያይ ሰው ዘፈንንም ማን ለማን ይዘፍነዋል ብሎ ሳይጠይቅ አያልፍም። በ2004 ሲሞት የተወው ቀረጻ በውሉ ማስታወሻ የታጀበ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ቀረጻውን ወስደው ማስታወሻውን ትተውታል።

ኤብል ማስታወሻ አይጽፍም፤ የቴአትር ሰው ነው። የሳጥኖቹን ሐሳብ ያገኘው ከጃይፑሩ ሃዋ ማሃልና ከአምስተርዳም የቀይ መብራት ሰፈር መስኮቶች እንደሆነ ይታወቃል። አንደኛው የንጉሥ ቤት ሴቶች ሳይታዩ መንገዱን የሚያዩበት ግንብ ነው፤ ሁለተኛው ሴቶች ለገበያ የሚታዩበት መስታወት ነው። ይህ ጥምረት ብዙ እንድናስብ ያደርጋል። ትርዒቱ በእርግጥም የሚሠራው የመታየትንና የመሸጥን ጉዳይ ነው፤ ሙዚቀኛው በሳጥኑ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ከጎኑ ያለውን አያየውም፤ የሚያየው መሪውን ነው። በግቢ ውስጥ ግን ዘፋኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየተቀበለ፣ የሰሚውን ፊት እያነበቡ ያራዝማሉ ወይም ያሳጥራሉ። በሳጥኑ ውስጥ የመብራቱ ሰዓት አስቀድሞ ተቆርጧል።

ያም ሆኖ ይህን ሥራ ማጣጣል አልችልም። እያንዳንዱን ሙዚቀኛ በየተራ፣ ለብቻው፣ በብርሃን ከቦ ያሳያል፤ የበረሃ ሙዚቀኛ በሌላ ዝግጅት የኋላ ማጀቢያ ሆኖ በሚቀርብበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዜማውን አላሳጠረም፤ የኤሌክትሪክ ጊታር አልጨመረበትም። ጉድለቱ ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ ይታያል፤ ስለ ሳጥኖቹ ያወራል፤ ከሳጥኖቹ ውስጥ አንድም ሰው በስሙ አያስታውስም።

ስም የመጥፋቱ ነገር በሲኒማ ይብሳል። በ1999 የወጣው «ሃም ዲል ዴ ቹኬ ሳናም» ፊልም ያስተዋወቀው «ኒምቡራ» የተባለው ዘፈን በምዕራብ ራጃስታን ሙዚቀኞች ዘንድ ሲዘፈን የኖረ ነው። ሕንድ ሁሉ ጨፈረበት። የሕንድ የቅጂ መብት ሕግ፣ የ1957ቱ፣ ደራሲ ያለውን ሥራ ይጠብቃል፤ ደራሲው «ሕዝብ» የሆነ ዘፈን ግን ለወሰደው ሰው ክፍት ሜዳ ነው። በማንጋኒያር ቤት ውስጥ ግን ዘፈን ባለቤት አልባ ሆኖ አያውቅም። የትኛው ቤተሰብ እንደሚዘፍነው፣ ለየትኛው ጃጅማን እንደሚዘፈን ይታወቃል። ሕጉ ያላየው ይህን ነው፤ አንድ ደራሲ ስላልተገኘ ብቻ ባለቤት የለም ብሎ ደመደመ።

«ጁኑን» የተባለው አልበም የተለየ ምዕራፍ ነው። በ2015 እስራኤላዊው ሻይ ቤን ጹር፣ የሬዲዮሄዱ ጆኒ ግሪንውድና የድምፅ ባለሙያው ናይጀል ጎድሪች በጆድፑር መህራንጋር ምሽግ ውስጥ ከማንጋኒያሮች፣ ከቃዋሊ (የሱፊ ዝማሬ) ዘፋኞችና ከነሐስ ባንድ ተጫዋቾች ጋር ቀረጹት፤ ፖል ቶማስ አንደርሰን ፊልም አደረገው። ፊልሙን የወደድኩት ማንም እየዞረ ስለማያብራራ ነው። ሙዚቀኞቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ካሜራው በመሐላቸው ይዞራል፤ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ርግብ ወደ ክፍሉ ትገባለች። ክቡ ከኤብል ግድግዳ ይልቅ ለግቢው የቀረበ ነው፤ ፊት ለፊት መተያየት ተመልሷል። የዘፈኖቹ ደራሲ ግን ቤን ጹር ነው፤ ለዓመታት በሕንድ ኖሮ ቃዋሊን የተማረ፣ በዕብራይስጥም በኡርዱም የሚጽፍ ሰው። የማንጋኒያሩ ሺህ ዘፈኖች እዚያ የሉም፤ ያለው የእጁ ጥበብ ነው። ቤን ጹርና ግሪንውድ በየስማቸው ሲጠሩ ሌሎቹ ሁሉ «ራጃስታን ኤክስፕረስ» በሚል የጋራ ስም ሽፋኑ ላይ ወጡ። አዘጋጆቹ ለሙዚቀኞቹ ያላቸው ፍቅር በእያንዳንዱ ቅንብር ይሰማል፤ ይህን አልጠራጠርም። ቢሆንም ለትውልዶች የሌላውን ሰው ስም በመጥራት የኖረ ሕዝብ የራሱ ስም በባቡር ስም ሲሸፈን ማየት ያማል።

በ«ጁኑን» ውስጥ የሴት ዘፋኞቹ የራዚያ ሱልጣንና የአፍሻና ካን ድምፅ መኖሩ ሌላ ጉዳይ ያስታውሳል። በዓለም መድረክ የወጣው የበረሃ ሙዚቃ ከሞላ ጎደል የወንድ ነው። ሴቶቹ በሴቶች ጉባኤ፣ በወሊድና በሠርግ ቤት ይዘፍናሉ፤ አደባባይ መውጣት ግን ነውር ተደርጎ ቆይቷል። በፖሊዮ እግሯ የተጎዳባት፣ በ2011 ያረፈችው ሩክማ ባይ ይህን ጥሳ በመድረክ ዘፈነች፤ ከወገኖቿም ተግሣጽ ደረሰባት።

ከጥያቄያችን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ቅርብ የሆነ ሌላ ጉዳይ በጉጃራት አለ። በባሩች አውራጃ፣ የአጌት ድንጋይ በሚወጣበት በራታንፑር ኮረብታ ላይ የባቫ ጎር መቃብር ይገኛል። ሲዲ የሚባሉት አፍሪካዊ ዝርያ ያላቸው ሕንዶች ይህን ቅዱስ ከሐበሻ አገር የመጣ ወሊይ አድርገው ያከብሩታል፤ ወንድሙ ባቫ ሐበሽ፣ እህቱ ማይ ምስራ ናቸው። ሙስሊሙም ሂንዱውም ፓርሲውም ስለት ይዞ ይመጣል። «ሐብሺ» የሚለው ስም በሕንድ ታሪክ ሰፊ ነው፤ ከሐረር አካባቢ በባርነት ሄዶ በደካን የጦር መሪና እንደራሴ የሆነው፣ በ1626 የሞተው ማሊክ አምባርም፣ በአህመዳባድ በ1573 የተጠናቀቀውን መስጊድ ያሠራው ሲዲ ሰይድም በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ስሙን ሰምቶ ሁሉን የእኛ ማለት ግን ስሕተት ነው። የዛሬዎቹ የጉጃራት ሲዲዎች አያቶች በብዛት ከስዋሂሊ ጠረፍና ከጀርባው የመጡ ናቸው፤ የዜማቸው ስም «ጎማ» ራሱ ከስዋሂሊ «ንጎማ» የወጣ ነው።

በመቃብሩ ሥፍራ ዳማል የሚባለው የሲዲዎቹ የከበሮ ጭፈራ ሲመታ ተቀባዩ ቅዱሱ ነው። እግር ያለው ከበሮ ሙጋርማን፣ ባለ አንድ ክር ቀስት ማሉንጋ፣ በእህቲቱ ስም ማይ ምስራ የሚባለው የኮኮናት ጽናጽል፣ ሁሉም ለእርሱ ናቸው። ሲዲ ጎማ የተባለው ቡድን ይህን ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይዞ ወጣ፤ አንዱ ጨፋሪ ኮኮናት ወደ ላይ ወርውሮ በአናቱ ሲሰብረው አዳራሹ ይጮኻል። የማስታወቂያው ርዕስ «የጉጃራት ጥቁር ሱፊዎች» የሚል ነበር። የባቫ ጎር ስም ከርዕሱ ወጣ፤ የቆዳ ቀለም ገባ። ሲዲዎቹ ግን በየትኛውም አዳራሽ ቢጨፍሩ ዚክራቸው ቅዱሳኑን እየጠራ ነው፤ አዳራሹ ስላልተረዳው ብቻ ተቀባዩ አልጠፋም። እዚህ ላይ ከማንጋኒያሮች ይሻላሉ፤ ጃጅማን ሊደኸይ፣ ሊሰደድ፣ ሊረሳ ይችላል፤ የሞተ ቅዱስ ግን ከቦታው አይነሳም።

የስም ዕዳውን በጥሩ ሁኔታ ከከፈሉት ቀረጻዎች አንዱ በሐሚራ መንደር የተሠራው የሳካር ካን ነው። ሳካር ካን የካማይቻ ጌታ ነበር፤ በ2012 የሕንድ መንግሥት ፓድማ ሽሪ ሸለመው፤ በ2013 አረፈ። አማራስ የተባለው የዴሊ አሳታሚ በገዛ ቤቱ ቀረጸው፤ የአልበሙም ስም «በቤቱ» የሚል ትርጉም አለው። ልጆቹ አብረውት ይጫወታሉ። ስሙ ሙሉ ሆኖ ሽፋኑ ላይ አለ፤ ቦታውም አለ። ካማይቻው በፍየል ቆዳ የተለበጠ ትልቅ ክብ ሆድ አለው፤ ዋናዎቹ ክሮቹ ከአንጀት የተፈተሉ ናቸው፤ ከሥራቸው የተወጠሩት የብረት ክሮች ሳይነኩ ያስተጋባሉ። ይህን መሣሪያ የሚጠርቡ አናጢዎች ጥቂት ናቸው። አሳታሚው ከአልበሙ ጎን ለጎን አዳዲስ ካማይቻዎችን ማሠራት ጀመረ፤ እንጨቱ ተመርጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ አንጀቱ ተፈትሎ፣ በሐሚራና በአካባቢዋ ለሚያድጉ ልጆች።